የኢዮብ ሚስት ምን ሆነች

ገና ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት የተጀመረ ተረት አይጨረስም ነበር። የሌላ ሰው ልጆች ቀበሮዋ እንዴት እንዳመለጠች፣ ንጉሡ ምን እንደ ፈረደ ሰምተው ይተኛሉ፤ እኛ ግን ቀበሮዋን ጉድጓድ ውስጥ፣ ንጉሡን ዙፋኑ ላይ፣ ግመሎቹን መንገድ ላይ ትተን እንተኛለን። ጥፋቱ የአጎቴ የአያ ተድላ ነበር። ስንት ዘመን ካለፈ በኋላ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

አያ ተድላ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። መንደራችን ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነው፤ እሳቸውም በደብራችን መጽሐፍ ያስተምሩ ነበር። ግእዙን ያነባሉ፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ተማሪዎቹም እየደገሙ በቃላቸው ይይዙታል። ሚስታቸው ልጅ ሳትወልድላቸው ስለ ሞተች ብቻቸውን ይኖሩ ነበርና ራታቸውን የሚበሉት እኛ ቤት ነው። ያኔ የወገራ ብርድ ከመሸ በኋላ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ እግር እግራችንን ስለሚልሰን፣ ራት ተበልቶ ገበታው ሲነሣ ሦስታችንም ልጆች ወደ ምድጃው እንጠጋለን፤ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ በገባ ቁጥር ይርገበገባል፣ ፍሙ ላይ የተረሳ የባቄላ ፍሬ ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ እናታችን ከመደቡ ጥግ እንዝርቷን ታሾራለች። አያ ተድላም ጢማቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «እሺ፣ የት ነበርን?» ይላሉ።

የትም አልነበርንም። ሁልጊዜ እዚያው ነበርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ የተማሩ ሰዎች አንዱን ቃል ከፈቱ በኋላ ሌላም ፍቺ እንዳለው ለማሳየት «አንድም» ይላሉ። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ከአንዷ ቃል ብዙ ነገር ያወጣሉ። ለተማሪ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። የግመሎቹን መጨረሻ ለማወቅ ለቋመጠ ልጅ ግን እርግማን ነው። አያ ተድላ ደግሞ ከተረት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የኢዮብን ታሪክ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ የሚወደው ግመሎች ስላሉበት ነው፤ እሳቸው የሚወዱት ግን፣ አሁን ሳስበው፣ ለመከራ የተሰጠ ስም ሁሉ አንድ ላይ የታጨቀው እዚያ ስለሆነ ነው።

«የመጀመሪያው መልእክተኛ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ደረሰ» ይላሉ።

«ግመሎቹን ማን ነዳቸው?» ይላል ደሳለኝ።

«ቆይ አንተ ልጅ። እዚህ ላይ ይህን ሁሉ ግእዙ ምንዳቤ ነው የሚለው። ምንዳቤ ምንድን ነው?»

«መከራ!» እንላለን ሁላችንም ባንድ አፍ፣ ቶሎ እንዲያልፉልን።

«መከራ ነው። አንድም ጭንቅ ነው። አንድም…»

ደሳለኝ ጋቢውን እየጎተተ ወደ መደቡ ይሄዳል። ታናሽ እህቴ ቀድማ ተኝታለች። እኔ ብቻ እቀመጣለሁ፤ ትጉህ ሆኜ አይደለም፣ ዛሬ እንኳ ምናልባት ይጨርሱታል እያልኩ ነው። እሳቸው ለእኔ ለአንዲት ተማሪያቸው ይዘረዝሩታል። መከራ እንደ በረዶ ከላይ የሚወርድ ነው። ጭንቅ ከውስጥ የሚመጣ ነው። ሥቃይ ሥጋን የሚይዝ ነው። ጣር ነፍስ ልትወጣ ስትል ነው። ሕማም ሁሉንም ይጠቀልላል። እንዲህ እያሉ ጣታቸውን ሲያጥፉ ግመሎቹ ይርቃሉ፣ ፍሙ ይከስላል፣ ኩራዙ ይጠፋል። እንባዬ እየመጣ «አያ፣ ከዚያስ?» ስላቸው «ነገ» ይሉኛል። በነገታው «እሺ፣ የት ነበርን?»

እናቴ በእነዚያ ምሽቶች አፏን ከፍታ አታውቅም። እንዝርቷ ብቻ ነበር የሚሰማው።

የጌታሁን ነገር የመጣው አባቴ ሳንጃ በሄደበት ዓመት ነው። ያኔ ሰሊጥ ሲደርስ ከእኛ አገር ብዙ ወንዶች ለአጨዳ ወደ ቆላ ይወርዱ ነበር፤ አባቴም ወረደ። ጌታሁን የሁላችን ታናሽ ነው። ገና መሄድ መጀመሩ ነበር፤ ምድጃው ዳር ቆሞ የአያ ተድላን ጢም ይጎትት ነበር፤ እሳቸውም ይህን ብቻ ያለ አንድም ይቀበሉታል። በጥቅምት ወር መንደሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። እኛ ትልልቆቹ ታመን ተነሣን። እሱ አልተነሣም። እናቴ አዝላው አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ መድኃኒት ተሰጥቷት በዚያው መንገድ አዝላው ተመለሰች፤ ሳምንት አልቆየም። ለአባቴ በአውቶቡስ ሰው መልእክት ተላከለት፤ መልእክቱ አርማጭሆ ቆላ ውስጥ የትኛው እርሻ ላይ እንደ ቀረ እንጃ፣ ብቻ ቶሎ አልመጣም።

ለቀስተኛ ቤቱን ሞላው። ሰው ደግ ነው፣ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ባዶ አፉንም አይመጣም። «ፈተና ነው፣ እግዜር የሚወደውን ይፈትናል» ይላል አንዱ። «መከራን የሰጠ ትዕግሥትንም ይሰጣል» ይላል ሌላው። «ኢዮብንም አይተሽ ተጽናኚ» ትላለች አንዷ። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ። ቃሎቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር፤ የቱ ከላይ እንደሚወርድ፣ የቱ ከውስጥ እንደሚመጣ ተምሬያለሁ። ግን አንዱም እናቴ ላይ የሚያርፍ አልመሰለኝም። እሷ አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ተነሥታ የተቀመጡበትን ጠርጋ፣ ማሰሮውን አንሥታ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ከእኛ በቀር የሚያግዛት አልነበረም፤ እኛም ከበሽታ የተነሣን ደካሞች ነበርን።

ለቀስተኛው ሲሳሳ አያ ተድላ የምሽቱን ወግ ቀጠሉ። በኋላ ሳስበው ሊያጽናኗት ነበር፤ ያላቸው ያ ብቻ ነውና። ራት ተበልቶ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ቀስ ባለ ድምፅ ኢዮብን ጀመሩ። በሬዎቹ ሄዱ፣ አህዮቹ ሄዱ፣ ግመሎቹ ሄዱ፣ ቤቱ በልጆቹ ላይ ወደቀ። ወዳጆቹ መጡና ልብሳቸውን ቀደዱ። እዚህ ሲደርሱ የእንዝርቱ ድምፅ ቆመ።

«አያ» አለች እናቴ።

«ወይ።»

«ይሄ ኢዮብ ሚስት አልነበረችውም?»

«ነበረችው እንጂ።»

«ልጆቹን የወለደቻቸው እሷ አይደለችም?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ኢዮብ ኢዮብ ስትል ነው የምሰማህ። እሷስ ምን ሆነች?»

አያ ተድላ ፊታቸው በራ። ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ሁሉ ያስደስታቸዋል። «ሸጋ ጠየቅሽ» አሉ። «በሌላው ትርጉም ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነው የምትናገረው። በግእዙ ግን ረዘም አድርጋ ትናገራለች።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በግእዝ አወረዱት፤ ወዲያው ደግሞ በአማርኛ ይፈቱት ጀመር። ሴትዮዋ ባሏን እንዲህ ትለዋለች አሉ፤ አንተ ከደጅ አመድ ላይ ተቀምጠሃል፣ እኔ ያማጥኋቸው ልጆች በከንቱ ቀሩ፣ እኔም ከቤት ወደ ቤት እየዞርሁ ሰው አገለግላለሁ፣ ከጻማዬ አርፍ ዘንድ ፀሐይ የምትገባበትን ሰዓት እጠብቃለሁ።

እዚህ ላይ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አነሡ።

«ጻማ ይላል። ጻማ ድካም ነው። አንድም ልፋት ነው። አንድም…»

«አያ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ያን ያህል የተናደደ ሰው እንዲያ ዝግ ብሎ ሲናገር ከዚያ በፊት አልሰማሁም ነበር። «ቃሉን አልጠየቅሁህም። ልጆቿን ቀበረች። ከዚያስ? ማን ፈጨላት? ማን ውኃ ቀዳላት? መጨረሻ ላይ ሌሎች ልጆች ተሰጡት ሲባል ቤተ ክርስቲያን ሰምቻለሁ፤ ማን ወለዳቸው? ስንት ዓመት እዚህ ተቀምጠህ ድካም ነው፣ ልፋት ነው ስትል እኔ ፊትህ ወዲያ ወዲህ ስል አታየኝም?»

አያ ተድላ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ «አንድም» የሚሉ መስሎኝ ጠበቅሁ። አላሉም። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና «ደኅና እደሩ» ብለው ወጡ። ደሳለኝ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ እንዝርቷን አነሣች፤ ግን አላሾረችውም።

በማግስቱ ጧት አያ ተድላ የእኛን ጀሪካን በትከሻቸው ይዘው ወደ ምንጭ ሲወርዱ መንደሩ ሁሉ አያቸው። በእኛ አገር ያኔ ወንድ ውኃ አይቀዳም ነበር፤ የደብር መምህር ደግሞ ጭራሽ። ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ ሴቶቹ መሃል ተራ ጠበቁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የደብሩ ቄስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኟቸውና ቆሙ።

«ምነው መሪጌታ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ውኃ እየቀዳሁ ነው» አሉ አያ ተድላ በስጨት ብለው። «ምን ይመስላል?»

ይህን የነገረን ከኋላቸው ሲከተል የነበረው ደሳለኝ ነው። እውነቱን ለመናገር አያ ተድላ ውኃ መቅዳት አይችሉበትም ነበር። ክዳኑን ሳያጠብቁ ይሸከሙታል፤ ቤት ሲደርሱ ግማሹ ጀርባቸው ላይ ፈስሷል። እናቴ ጀሪካኑን ተቀብላ ታስቀምጥና እሳቸው ሲሄዱ ማሰሮዋን ይዛ የጎደለውን ልትሞላ ትወርዳለች። እንጨት ሲሰብሩ ስባሪው ጓሮ ውስጥ ይበተናል፣ እኛ እንለቅማለን። አንድ ቀን እህል ልፍጭ ብለው ወፍጮው ላይ ተንበረከኩ፤ ዱቄቱ እንደ ቅንጬ ወጣ።

«ተው በቃህ አያ» አለቻቸው በመጨረሻ። «ሰው እየሳቀ ነው።»

«በእኔ ነው የሚስቀው።»

«በእኔም ነው። ደግሞ ሥራ አበዛህብኝ።»

«ታዲያ አሳዪኛ» አሏት፤ እሳቸውም ተናደዋል። «ጀሪካን እንዴት እንደሚያዝ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።»

አሳየቻቸው። ከገመዱ ጋር እንዴት እንደሚታሰር፣ ክብደቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን ወገብ ላይ እንዲያርፍ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል አሳየቻቸው። የደብር መምህሩ በእናቴ ፊት ሲያጎነብሱ ማየት ደስ የሚል ነገር አልነበረም፤ ያሳፍር ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ውኃው ቤት መድረስ ጀመረ።

በዚያ ሰሞን ተረት የሚባል ነገር አልነበረም። አያ ተድላ ራታቸውን በልተው፣ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኛ ልጆቹ ያላለቀው ተረት እንኳ ቀረብን። ደሳለኝ «እማዬ ምነው ዝም ብትል ኖሮ» አለኝ፤ እኔም በልቤ እንደዚያው እያልኩ ነበር። ልጅ ነበርን።

አባቴ ቆይቶ መጣ። መልእክቱን የሰማው መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው። እናቴ ጆንያውን ከእጁ ተቀበለችው። ያን ሳምንት ለቀስተኛው እንደ ገና መጣ፤ «ፈተና ነው» እንደ ገና ተባለ።

ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ አንድ ምሽት፣ አያ ተድላ ራታቸውን ጨርሰው ወደ ምድጃው ተጠጉ። ጢማቸውን አልጠረጉም። «የት ነበርን» አላሉም። ጀመሩት። ኢዮብን ከመጀመሪያው አንሥተው፣ እንደ ማንኛውም ተረት ነጋሪ፣ አንዴም ሳያቋርጡ ወረዱበት። ግመሎቹን ሦስት ጭፍራ መጥቶ እንደ ነዳቸው ሲናገሩ ደሳለኝ ጋቢውን ጥሎ ቀረበ። ወዳጆቹ መጥተው ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ ተናገሩ፤ «ከተናገሩት ሁሉ ያ ዝምታቸው ይሻል ነበር» ብለው አለፉት። ሚስቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አልተለወጠም። ግን የድሮዎቹ ቃላት አንዳቸውም አልመጡም፤ መከራ የለ፣ ሥቃይ የለ፣ ድካም የለ።

«እንዲህ አለችው» አሉ። «አማጥሁ። ወለድሁ። አጠባሁ። ቀበርሁ። አሁን በሰው ቤት እፈጫለሁ፣ ለሰው ውኃ እቀዳለሁ፣ ጀምበር ጠልቃ አረፍ እስክል እጠብቃለሁ። አንተ ከወዳጆችህ ጋር ትነጋገራለህ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የለችም። በኋላ ፈልጌ አጥቼያታለሁ።

አባቴ ከሳንጃ ያመጣው ሰሊጥ እጁ ላይ ነበር፤ ማኘኩን ተወ። እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታዳምጥ ነበር። ተረቱ አለቀ። ኢዮብ ዳነ፣ ግመሎቹ እጥፍ ሆኑ፣ ልጆችም ተወለዱ።

«እነዚያን ማን እንደ ወለዳቸው መጽሐፉ አይናገርም» አሉ አያ ተድላ ወደ እናቴ ዞረው። «ለእኔ ግን እሷው ትመስለኛለች።»

«እሷው ናት እንጂ» አለች እናቴ። «ሌላ ማን አለ?»

ከዚያ ተነሥታ አለቀሰች። ጌታሁን ከተቀበረ ጀምሮ ሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። አያ ተድላ አላባበሏትም። ፍሙን እየቆሰቆሱ እዚያው ተቀመጡ፣ አባቴም አጠገቧ ሄዶ ቆመ፤ እኛ ደግሞ አንድ ተረት እስከ መጨረሻው በመስማታችን ደስ ብሎን ደስታችንን የምናስቀምጥበት ጠፋን።

እኔ አድጌ አማርኛ አጠናሁ፣ አስተማርሁ፤ አያ ተድላ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ለወጣቶች በቀላል አማርኛ ተነቦ በድምፅ የሚቀዳ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሲዘጋጅ አርታኢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ቢሯችን ጎንደር፣ አራዳ ነው፤ ከሱቅ በላይ ያለ ጠባብ ክፍል። አስተባባሪያችን ናሆም የሚባል ትጉህ ወጣት ነው፤ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ፣ ኮምፒዩተር የተማረ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን አንድ በሽታ አለበት፤ የመጽሐፉን መከራ በሙሉ «ችግር» ማለት ይፈልጋል።

ምንዳቤው ችግር። ጭንቁ ችግር። ጣሩ ከባድ ችግር። «ኢዮብ በሕይወቱ ብዙ ችግሮች አጋጠሙት» የሚል ዐረፍተ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ፣ ኢዮብ አውቶቡስ አምልጦት ስብሰባ ያረፈደ ሰው መሰለኝ። «ፈተና» እንዳንል ደግሞ ለተማሪ ፈተና ማለት የማትሪክ ነው፤ አንዷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ «ወደ ፈተና አታግባን» የሚለውን ለመልቀቂያ ፈተናዋ አጥብቃ እንደምትጸልየው ነግራኛለች። «ሕማም» ካልን ደግሞ የአንባቢው ሐሳብ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ይኸው፣ እኔም «ችግር» አልሁ።

«መምህርት፣ ወጣቱ ምንዳቤ አያውቅም» ይለኛል ናሆም።

«ምንዳቤ በል አላልሁህም። ችግር አትበል ነው ያልሁህ።»

«ችግር ምን ችግር አለው?»

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ዓመት ሙሉ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። በላዩ ላይ ከዋናው ቢሮ መመሪያ ይመጣል፤ ስም በስም ይተርጎም፣ ግስ በግስ ይተርጎም፣ አንዱ ቃል ሁሉም ቦታ አንድ ይሁን ይላል። ወደ ኢዮብ ሚስት ንግግር ስንደርስ መጀመሪያ ይግባ አይግባ ተባልን፤ ከግእዙ ጋር ተቀራርቦ እንዲሄድ ተብሎ ገባ። ከዚያ የናሆም ረቂቅ መጣ። «ከደረሱብኝ ችግሮችና ሥቃዮች ለማረፍ የፀሐይን መጥለቅ እጠባበቃለሁ።» ሰዋስዉ ስሕተት የለበትም። አንብቤው ጀርባዬን አሳከከኝ። ስሙን ሁሉ አውጥቼ በግስ ብቻ ጻፍሁት፤ አማጥሁ፣ ወለድሁ፣ ቀበርሁ፣ በሰው ቤት እዞራለሁ፣ ጀምበር ጠልቃ አረፍ እስክል እጠብቃለሁ። አጎቴ ከራሳቸው የጨመሯትን አልጨመርሁም፤ እጄን ግን በላኝ።

«ይኼ መመሪያውን አያልፍም» አለ ናሆም። «ጻማ የሚለው ስም የት ሄደ?»

«አለ። እሷ ውስጥ አለ።»

«እሷ ውስጥ ብዬ ልጻፍላቸው?»

ስንጨቃጨቅ ሰነበትን፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ሰው ላይ እንሞክር ተባለ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ሴቶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ሄድን። ናሆም የራሱን በደንብ አነበበ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሸጋ ነው፣ ይገባል» አሉ። ናሆም አየኝ። ከዚያ እኔ የእኔን አነበብሁ። ማንም ራሱን አልነቀነቀም። ማንም ሸጋ ነው አላለም። ተሸነፍሁ ብዬ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርሁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ጎልማሳ ሴት «ይቺ ሴትዮ የት አገር ናት?» አሉ።

«የድሮ ሰው ናት እማማ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ናት» አለ ናሆም።

«እሱንስ ሰማሁ። ሰው አላት ወይ ነው የምለው። ከማን ጋር ናት?»

ሌላዋ «ከኛ ሰፈር እንደሷ ያለች አለች» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ሦስተኛዋ ቀጠለች፤ ስለ መጽሐፉ ማውራታቸው ቀርቶ ስለ ሰው አወሩ፣ ማን ሰው እንደሚያያት፣ ማን ሳትጠየቅ እንደ ሰነበተች፤ አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ሁለቱ አንዷን ጎረቤታቸውን ሊጠይቁ ተቀጣጥረው ሄዱ።

ወደ ቢሮ ስንመለስ ናሆም ደረጃው ላይ ቆመና «መምህርት፣ ይኼንን ገብቷቸዋል ነው ወይስ አልገባቸውም ብዬ የምጽፈው?» አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀኝ። ቁጣዬ እስከ አናቴ ወጣ፤ ግን ፊቱን ሳየው እሱም ሲያስብበት እንደ መጣ ገባኝ።

«የሆነውን ጻፍ» አልሁት።

ዋናው ቢሮ እስካሁን አልመለሰልንም። ምናልባት «ችግር» የሚለው ቃል ያሸንፍ ይሆናል፤ በሌሎቹ ምዕራፎች አሸንፎኛል። ሰው ከልጅነቱ ምሽቶች ጥበብ ወይም ምክር ቀረልኝ ሲል እሰማለሁ። ለእኔ በይበልጥ የቀረልኝ ንዴት ነው። አንድ ሰው የሌላውን ቀን ሁሉ በአንዲት ሸጋ ቃል ጠቅልሎ ሊያልፍ ሲል ባየሁ ቁጥር ይነሣብኛል፤ ለቅሶ ቤት ይነሣብኛል፣ ቢሮ ይነሣብኛል፣ ራሴ ላይ ሳይቀር ይነሣብኛል። ያኔ በምድጃው ዳር የነበረኝን ንዴት ሳድግ የሚለቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንዲለቀኝ አልፈልግም፤ እየተናደድሁ ነው ሥራዬን የምሠራው፣ እየተናደድሁም ነው ያዘነ ሰው ልጠይቅ የምሄደው።